ሳልሞን ቼዝ፡- የትናንሽ ከተሞችን ስም በገንዘብ ላይ ያሰፈሩት ሚኒስትር

በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ አሮጌ የወረቀት ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች አንድ ኖት እጃቸው ሲገባ በቅድሚያ የሚመለከቱት በላዩ የታተመውን የከተማ ስም ነው። ጥቂት ሺህ ነዋሪዎች ብቻ በነበሯት አንዲት የእርሻ ከተማ የሚገኝ ባንክ ያወጣው ባለ አምስት ዶላር ኖት፣ የባንኩ ፕሬዚዳንትና የዋና ገንዘብ ያዡ ፊርማ ሳይደበዝዝ ከተገኘ፣ ከተጻፈበት ዋጋ በብዙ መቶ እጥፍ ሊሸጥ ይችላል።

እነዚህ ኖቶች የብሔራዊ ባንክ ኖቶች በመባል ይታወቃሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1863 እስከ 1935 ድረስ ለሕዝብ ሲሰራጩ የቆዩ ሲሆን፣ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው። ስማቸው ብሔራዊ ይሁን እንጂ ኖቶቹን ያወጧቸው ባንኮች የመንግሥት አልነበሩም። በየከተማው ነጋዴዎችና ገበሬዎች አክሲዮን ገዝተው ያቋቋሟቸው፣ ከፌዴራል መንግሥት ግን ፈቃድ የተቀበሉ የግል ድርጅቶች ነበሩ።

ለዚህ አሠራር መሠረት የሆነውን ሕግ ሐሳብ አመንጭተው እስኪጸድቅ ድረስ የታገሉት በፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ዘመን የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ሳልሞን ፖርትላንድ ቼዝ ናቸው።

ቼዝ ጃንዋሪ 13 ቀን 1808 በኒው ሃምፕሻየር ግዛት ኮርኒሽ በተባለች ሥፍራ ተወለዱ። አባታቸው በመስታወት ፋብሪካ ላይ ያዋሉት ገንዘብ ከስሮባቸው በ1817 ሲሞቱ ቼዝ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። ቤተሰቡ በመቸገሩ ወደ ኦሃዮ ተልከው ኤጲስ ቆጶስ በነበሩት አጎታቸው በፊላንደር ቼዝ እጅ አደጉ። አጎታቸው በሥራም ሆነ በጸሎት ጥብቅ ሰው ነበሩ። ቼዝም ዕድሜያቸውን ሙሉ የተለዩበትን የሥርዓትና የትጋት ጠባይ የቀሰሙት በዚህ ቤት እንደሆነ ይነገርላቸዋል።

በ1826 ከዳርትማውዝ ኮሌጅ ከተመረቁ በኋላ ወደ ዋሽንግተን ሄደው የወንዶች ትምህርት ቤት በማስተማር እየተዳደሩ፣ በጊዜው የፌዴራሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከነበሩት ከዊልያም ዊርት ዘንድ ሕግ አጠኑ። በ1830 ኑሯቸውን በሲንሲናቲ ከተማ መሥርተው በጥብቅና ሥራ ተሰማሩ። በየጊዜው ወጥተው ተበታትነው የነበሩትን የኦሃዮ ግዛት ሕጎች ሰብስበውና አደራጅተው በሦስት ቅጽ ያሳተሙትም በዚህ የወጣትነት ዘመናቸው ነው። ሥራው ብዙ ገንዘብ ባያስገኝላቸውም በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ ስማቸውን አስጠርቷል።

ሲንሲናቲ የኦሃዮን ወንዝ ተደግፋ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ ከወንዙ ማዶ ያለችው ኬንታኪ የባሪያ ሥርዓት የጸናባት ግዛት ነበረች። በዚህ ምክንያት ነፃነታቸውን ፈልገው ወንዙን የሚሻገሩ ሰዎችና እነርሱን ለመመለስ የሚያሳድዱ ጌቶች ዘወትር የሚገናኙባት ሥፍራ ሆና ነበር። በ1836 ባርነትን የሚቃወም ጋዜጣ ማተሚያ በአመጸኞች በተሰባበረ ጊዜ ቼዝ የጋዜጣው አዘጋጅ ይፈለጉበት በነበረው ሆቴል በር ላይ ቆመው ሕዝቡ እንዳይገባ ከለከሉ።

በተከታዩ ዓመት ማቲልዳ ለተባለች ከባርነት ላመለጠች ሴት ጥብቅና ቢቆሙም ፍርድ ቤቱ ለጌታዋ ስለወሰነ ሴቲቱ ተመልሳ ተወሰደች። ያመለጡ ሰዎችን በጋሪው አሳፍሮ የተገኘ ቫን ዛንት የተባለ ገበሬ ጉዳይም በ1847 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሸነፈባቸው። ይሁን እንጂ ቼዝ በእያንዳንዱ ክርክር ያቀረቡት የሕግ ሐተታ ታትሞ በመሠራጨቱ ባርነትን ለሚቃወሙ ፖለቲከኞች መመሪያ ሆነ። የሲንሲናቲ ጥቁር ነዋሪዎችም በ1845 ለውለታቸው የብር ማንቆርቆሪያ ሸልመዋቸዋል።

በቤታቸው ግን ኀዘን አልተለያቸውም። ከ1835 እስከ 1852 ባለው ጊዜ ሦስት ሚስቶቻቸውን በተከታታይ በሞት ተነጥቀዋል። ከወለዷቸው ስድስት ሴቶች ልጆችም ለአካለ መጠን የደረሱት ኬትና ኔቲ የተባሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሚስት ሳያገቡ የቀሩትን ዓመታት ለሕዝብ አገልግሎት አዋሉ። በ1849 ሴናተር፣ ከ1856 እስከ 1860 ደግሞ የኦሃዮ አገረ ገዥ ሆነው ሠርተዋል።

የቼዝ ትልቁ ምኞት ፕሬዚዳንት መሆን ነበር። በ1860 የሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩ ለመሆን ተወዳድረው በመጀመሪያው ዙር ያገኙት 49 ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ ዕጩነቱ ለሊንከን ሆነ። ሊንከን ግን ተፎካካሪያቸውን ከሥልጣን አላራቁም። በማርች 1861 የገንዘብ ሚኒስቴርን ኃላፊነት ሰጧቸው። ከአንድ ወር ገደማ በኋላም የእርስ በርስ ጦርነቱ ተቀሰቀሰ።

ቼዝ የተረከቡት ግምጃ ቤት ባዶ ለመሆን የተቃረበ ነበር። ሠራዊቱን መመገብ፣ ማልበስና ማስታጠቅ የጠየቀው ወጪ ከዕለት ወደ ዕለት በመጨመሩ፣ በ1860 ወደ 65 ሚሊዮን ዶላር የነበረው የመንግሥት ዕዳ በጦርነቱ ማብቂያ ወደ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። በዲሴምበር 1861 መጨረሻ የኒው ዮርክ ባንኮች ኖታቸውን በወርቅ መመንዘር አቆሙ። መንግሥትም ይህንኑ ለማድረግ ተገደደ።

በዚያን ጊዜ አሜሪካ አንድ ወጥ የሆነ የወረቀት ገንዘብ አልነበራትም። ከየግዛቱ መንግሥት ፈቃድ ያገኙ 1,600 የሚሆኑ ባንኮች የየራሳቸውን ኖት ያሳትሙ ስለነበር በገበያ ላይ የሚዘዋወረው የኖት ዓይነት 7,000 ያህል ይደርስ ነበር። ከዚህ በተጨማሪ አስመስለው የተሠሩ ሐሰተኛ ኖቶች በብዛት ይገኙ ነበር። አንድ ነጋዴ ከሌላ ግዛት የመጣ ኖት ሲቀርብለት የትኛው ባንክ እንደከሰረና የትኛው ኖት ሐሰተኛ እንደሆነ የሚዘረዝር መጽሔት ገልጦ ያመሳክር ነበር። ባንኩ የራቀ ከሆነ ደግሞ ከኖቱ ዋጋ ላይ ቅናሽ ይደረጋል። ባንኩ ከተዘጋም ጉዳቱ የሚያርፈው ኖቱን ይዞ በተገኘው ሰው ላይ ነው።

ችግሩን ለመወጣት ሁለት መንገዶች ተወሰዱ። አንደኛው በፌብሩዋሪ 1862 በወጣው ሕግ መንግሥት ራሱ በወርቅ የማይመነዘር፣ ሕዝቡ ግን ለክፍያ እንዲቀበለው የሚገደድበት ኖት ማሳተሙ ነው። ኖቱ ከጀርባው ቀለም የተነሣ አረንጓዴ ጀርባ ተባለ። ቼዝ እንዲህ ያለ በግዴታ የሚሠራ ገንዘብ ከልባቸው የሚደግፉት ነገር አልነበረም። ሆኖም ወታደሩ ደመወዙን ይጠብቅ ስለነበር ተስማሙ። በአንድ ዶላሩ ኖት ላይ የራሳቸው ምስል እንዲታተም አድርገዋል። ይህን ያደረጉት ሕዝቡ ፊታቸውን ለምዶ በምርጫ እንዲያስታውሳቸው ነው ተብለውም ታምተዋል።

የሥራው ብዛት በሚኒስቴሩ መሥሪያ ቤት ላይም ለውጥ አስከትሏል። በኦገስት 1862 በሕንፃው ምድር ቤት አንድ ኃላፊ፣ አንድ ወንድ ረዳትና አራት ሴቶች ኖቶችን ለይቶ የመቁረጥና ማኅተም የማሳረፍ ሥራ ጀመሩ። ዛሬ የአሜሪካን የወረቀት ገንዘብ የሚያትመው መሥሪያ ቤት የተወለደው ከእነዚህ ስድስት ሠራተኞች ነው። በቼዝ ፈቃድ የተቀጠሩት ሴቶችም በፌዴራሉ መንግሥት ቢሮዎች ለሴቶች በር ከከፈቱት መካከል ይቆጠራሉ።

ሁለተኛውና ቼዝ ከሁሉ አብልጠው ያሰቡበት መንገድ የብሔራዊ ባንኮች ዕቅድ ነው። በዕቅዱ መሠረት የፌዴራል ፈቃድ የሚወስድ ባንክ አስቀድሞ የመንግሥት ቦንድ ገዝቶ በዋሽንግተን በመያዣነት ያስቀምጣል። በምላሹ መንግሥት ካስቀመጠው ቦንድ እስከ 90 በመቶ የሚደርስ ዋጋ ያለው፣ የባንኩና የከተማው ስም የታተመበት ኖት ይሰጠዋል። በዚህ ዘዴ መንግሥት ለጦርነቱ የሚያስፈልገውን ብድር ያገኛል። ባንኩ ቢከስርም መንግሥት ቦንዱን ሸጦ ኖቱን ለያዘው ሰው ሙሉ ዋጋውን ይከፍላል።

ቼዝ ሐሳቡን ለኮንግረስ ያቀረቡት በዲሴምበር 1861 ቢሆንም የግዛት ባንኮች በርትተው በመቃወማቸው ከአንድ ዓመት በላይ ሲጓተት ቆየ። በመጨረሻ በሴናተር ጆን ሸርማን አቅራቢነት በሴኔቱ 23 ለ21፣ በተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ 78 ለ64 በሆነ ጠባብ ድምፅ አልፎ በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1863 ሊንከን ፈረሙበት።

ሕጉን በሥራ የሚተረጉም ሰው ሲፈለግ ቼዝ ዓይናቸውን የጣሉት ዕቅዱን ለማስቀረት ወደ ዋሽንግተን መጥተው በነበሩት የኢንዲያና ባንክ ኃላፊ በሂዩ ማኩሎክ ላይ ነው። ማኩሎክ ጥሪውን ተቀብለው የመጀመሪያው የገንዘብ ተቆጣጣሪ ሆኑ። የፈቃድ ቁጥር 1 ለፊላዴልፊያው አንደኛ ብሔራዊ ባንክ ተሰጠ። ከሁሉ ቀድሞ በሩን ለሕዝብ የከፈተው ግን በጁን 29 ቀን 1863 ሥራ የጀመረው በአይዋ ግዛት የዳቬንፖርት ከተማ አንደኛ ብሔራዊ ባንክ ነበር።

በመጀመሪያ ባንኮቹ የቆየ ስማቸውን ትተው በቁጥር እንዲጠሩ ይጠበቅ ነበር። አንደኛ ብሔራዊ ባንክ የሚለው ስም በመላ አሜሪካ የበዛውም ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ ነባሮቹን ባንኮች ስላስከፋ በ1864 የተሻሻለው ሕግ ጉዳዩን አላላው። በ1865 የጸደቀ ሌላ ሕግ በግዛት ባንኮች ኖት ላይ አሥር በመቶ ግብር ሲጥል ደግሞ አሮጌዎቹ ኖቶች ከገበያ ወጡ። በዚሁ ዓመት ማብቂያ ላይ የብሔራዊ ባንኮች ቁጥር ከ1,500 በልጦ ነበር።

ቼዝ ይህን ውጤት በሚኒስትርነት ወንበር ላይ ሆነው ለማየት አልበቁም። ከሊንከን ጋር በሹመት ጉዳይ በተጋጩ ቁጥር የሥራ መልቀቂያ ማቅረብን ልማድ አድርገው ነበር። በ1864 መጀመሪያም ደጋፊዎቻቸው ሊንከንን ተክተው እንዲወዳደሩ በድብቅ ያሠራጩት ደብዳቤ ይፋ ወጥቶ አሳፈራቸው። በጁን 1864 መጨረሻ በኒው ዮርክ የግምጃ ቤት ቅርንጫፍ ሹመት ሳይስማሙ ቀርተው እንደገና መልቀቂያ ሲያስገቡ ሊንከን ሳይጠበቅ ተቀበሏቸው።

ሊንከን ግን ቂም አልያዙም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ቼዝን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አድርገው ሾሟቸው። ቼዝ በያዙት ወንበር ላይ ሆነው በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1865 ጆን ሮክ የተባሉት ጥቁር ጠበቃ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲከራከሩ ፈቃድ ሰጡ፤ ይህም በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። በ1868 ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን በሴኔቱ ፊት በተከሰሱ ጊዜም ችሎቱን በመሐል ዳኝነት መርተዋል።

የፈተኗቸው ግን የራሳቸው ኖቶች ናቸው። ሕዝቡ አረንጓዴ ጀርባውን ለክፍያ እንዲቀበል የሚያስገድደው ሕግ ለሙግት ቀርቦ በ1870 ውሳኔ ሲሰጥ፣ ቼዝ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ለተገቡ ዕዳዎች ግዴታው ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይጣጣም ጽፈው ፈረዱ። በሚኒስትርነታቸው ጊዜ የፈጸሙትን ተግባር በዳኝነታቸው ሻሩት ማለት ነው። በወቅቱ ብዙዎች ወላዋይ አሏቸው፤ ሌሎች ደግሞ በጦርነት ጭንቀት የተሠራን ስሕተት በሰላም ጊዜ ማመን ድፍረት ነው አሉ። በተከታዩ ዓመት ሁለት አዳዲስ ዳኞች የተጨመሩበት ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሲገለብጠው ቼዝ በተቃውሟቸው ጸኑ።

የፕሬዚዳንትነት ምኞታቸው እስከ መጨረሻው አልተሳካም። በ1870 ሰውነታቸው በድንገተኛ ሕመም ተመትቶ የነበረ ሲሆን፣ ሜይ 7 ቀን 1873 በኒው ዮርክ ከተማ በ65 ዓመታቸው አረፉ። አስቀድሞ በዋሽንግተን የተቀበረው አስከሬናቸው በ1886 ወደ ሲንሲናቲ ተዛውሯል።

በእርሳቸው ሕግ የተፈጠሩት ኖቶች ግን ከሞታቸው በኋላ 62 ዓመታት ያህል አገልግለዋል። ኖቶቹ በአብዛኛው አራት አራት ሆነው በታተሙ ወረቀቶች ከዋሽንግተን ወደየባንኩ ይላካሉ። በትንሽ ከተማ የባንኩ ፕሬዚዳንትና ዋና ገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን በብዕር ይፈርሙበትና በመቀስ ለያይተው ለደንበኛ ይሰጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ኖቶች ጀርባ የየግዛቱ ዓርማ ይታያል። ከመጀመሪያዎቹ መካከል የ2 ቁጥር በአግድሞሽ የተጋደመበት ባለ ሁለት ዶላር ኖት በሰብሳቢዎች ዘንድ ሰነፉ ሁለት ተብሎ የሚጠራ ሲሆን እጅግ ተፈላጊ ነው።

በ1864ቱ ሕግ በትንሽ ከተማ ባንክ ለማቋቋም ቢያንስ 50,000 ዶላር ካፒታል ያስፈልግ ነበር። በማርች 1900 የወጣ ሕግ ከ3,000 ለማይበልጡ ነዋሪዎች ከተማ ይህን ወደ 25,000 ዶላር ዝቅ ሲያደርገው፣ ባቡር ጣቢያና የእህል ጎተራ ብቻ ያላቸው ሥፍራዎች ሳይቀሩ ስማቸውን በገንዘብ ላይ ማየት ቻሉ። ወደ 3,600 ይጠጋ የነበረው የብሔራዊ ባንኮች ቁጥር በአሥር ዓመት ውስጥ ከ7,000 በላይ ደረሰ። በ1935 መንግሥት በመያዣነት የሚያገለግሉትን ቦንዶች ከፍሎ ሲያነሣቸው የኖቶቹም ዘመን አበቃ። እስከዚያ ድረስ ከ12,000 በላይ ባንኮች ኖት አውጥተዋል።

የዛሬ ሰብሳቢዎችን የሚያስገርመው ከዚህ ሁሉ ብዛት የተረፈው ጥቂት መሆኑ ነው። ምክንያቱ የሚገኘው በቼዝ ሕግ ውስጥ ነው። ከ1863 በፊት የከሰሩ የግዛት ባንኮች ኖት የሚቀበለው ስላልነበረ በየሣጥኑ ተጥሎ ቀረ፤ በመሆኑም ዛሬ ብዙው በርካሽ ይገኛል። የብሔራዊ ባንክ ኖት ግን ባንኩ ቢዘጋ እንኳ ሙሉ ዋጋው ይከፈልበት ስለነበር ማንም ይዞት አልቀረም። ሕዝቡ ገበያ ወጣበት፣ ዕዳ ከፈለበት፤ ያረጀውም ወደ ዋሽንግተን እየተመለሰ ተወገደ። ኖቱን በመያዙ ገንዘቡን ያጣ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ሰብሳቢዎች የተረፈውን እያንዳንዱን ኖት በከተማው ስም፣ በፈቃድ ቁጥሩና በመለያ ቁጥሩ መዝግበው ይይዛሉ። ዳኮታ፣ አሪዞና ወይም ኦክላሆማ ገና ሙሉ ግዛት ሳይሆኑ የወጡት ኖቶች በተለይ ይፈለጋሉ። ኖት አውጥተው ሳለ አንድም ናሙና ያልተገኘላቸው ባንኮችም ጥቂት አይደሉም። በዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶኒያን ተቋም የማተሚያ ቅርጾቹን ናሙናዎች ጠብቆ ስላቆየ፣ ኖታቸው የጠፋ ከተሞች ስም ቢያንስ በዚያ ይነበባል።

የቼዝ ስምም አልጠፋም። በ1928 እና በ1934 በታተመው የአሥር ሺህ ዶላር ኖት ላይ ምስላቸው ሰፍሯል፤ ይህ ኖት ከ1969 ወዲህ ለሕዝብ አይሰጥም። በ1877 በኒው ዮርክ የተቋቋመውና ዛሬም በሌላ ስም ተጣምሮ የሚሠራው ቼዝ ባንክ የተሰየመው በእርሳቸው ነው፤ እርሳቸው ግን ባንኩ ከመቋቋሙ አራት ዓመት ቀደም ብለው ስላረፉ በውስጡ ድርሻ አልነበራቸውም። መሥራቹ ጆን ቶምሰን ሐሰተኛ ኖቶችን የሚያጋልጠውን የነጋዴዎች መጽሔት ለብዙ ዓመታት ያሳትሙ የነበሩት ሰው ናቸው። ባንካቸውን በቼዝ ስም መሰየማቸውም እንዲህ ያለ መጽሔት ሳያስፈልግ ሕዝብ የሚቀበለውን ኖት ላስገኙት ሚኒስትር ክብር ነው።

ቼዝ ዕድሜ ልካቸውን የተመኙትን ሥልጣን አላገኙም፤ ፊታቸውን ያሳተሙበትን ኖትም ራሳቸው ነቅፈውታል። ጸንቶ የቆየው የራሳቸው ምስል ያልነበረበት፣ ስማቸው ብዙም ያልተሰማ ከተሞች ገንዘብ ያዦች የፈረሙበት፣ በመያዣ የተደገፈ ኖት ነው። ከእነዚያ ኖቶች አንዱ ዛሬ ለአሜሪካ ግምጃ ቤት ቢቀርብም የተጻፈበት ዋጋ ሳይጎድል ይከፈላል።